ምሽግ፣ ባክቴሪያ እና ኮድ፦ የሚያሸንፈው ጉልበት ነው ወይስ ደካማ ጎን ማግኘት?

የማታ አንባቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል፤ እስቲ አግዙኝ። ስለ ጦርነት ሳነብ፣ ስለ አንቲባዮቲክ ሳነብ፣ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኮድ ሰባሪዎች ሳነብ ያው አንድ ታሪክ እየደጋገምኩ ይመስለኛል። አንዱ ወገን ጠንካራ ነው፤ ፊት ለፊት የሚደፈር አይደለም። ከዚያ ሌላው አንዲት ቀዳዳ ያገኛል፤ ያ ሁሉ ጥንካሬ ዋጋ ያጣል።

የመቀሌን ከበባ አስቡት። በ1888 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር እንዳ ኢየሱስ ላይ መሽጎ ነበር፤ አዛዡ ሻለቃ ጋሊያኖ። ምሽጉን በቀጥታ ለመያዝ የተደረገው ሙከራ ብዙ ሰው በላ። ውሃው ግን ከምሽጉ ውጭ ነበር። በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ ተያዘ፤ ጥር ላይ ጣሊያኖቹ ምሽጉን ለቀው ወጡ። ግንቡን ማንም አላፈረሰውም።

ፔኒሲሊንም እንደዛው ነው፣ የጀርመኖቹ የምስጢር መልእክት መጻፊያ ኤኒግማ ማሽንም እንደዛው። ታዲያ ይሄ ነገር ሕግ ነው ማለት ይቻላል? ጉልበት የሚባለው ደካማ ጎኑ እስኪታወቅ ድረስ ብቻ የሚሠራ ነገር ነው? ወይስ ሦስቱ ጭራሽ የማይገናኙ ሆነው እኔ ነኝ በግድ የማገናኛቸው? በየሙያው ያላችሁ ሰዎች ምን ትላላችሁ?

ላብራቶሪ፦

ሰላም ወንድሜ። ሥራዬ ከባክቴሪያ ጋር ስለሆነ በእኔ በኩል ያለውን ልንገርህ። “ቀዳዳ” ስትል ብዙ ሰው የሚያስበው ግድግዳው ላይ የሳሳ ቦታ አለ፣ መድኃኒቱም በዚያ ሾልኮ ይገባል ብሎ ነው። ፔኒሲሊን ግን እንዲያ አይደለም የሚሠራው።

ስታፊሎኮከስ የሚባለውን ባክቴሪያ እንውሰድ። ውስጡ ያለው ግፊት ከመኪና ጎማ ግፊት ብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንዳይፈነዳ የያዘው ዙሪያውን የከበበው መረብ መሳይ ግድግዳ ነው። ባክቴሪያው ማደግ ሲፈልግ ግን ይህን መረብ ራሱ መቁረጥ አለበት። ይቆርጣል፣ አዲስ ክር ያስገባል፣ ክሩን ከጎኑ ካለው ጋር ያስራል፣ እንደገና ይቆርጣል። ፔኒሲሊን የሚይዘው የሚያስረውን ኤንዛይም ነው። መቁረጡ ይቀጥላል፤ ማሰሩ ይቆማል። ከዚያ ባክቴሪያው በገዛ ግፊቱ ይፈነዳል። መድኃኒቱ ከውጭ ይዞት የመጣ ጉልበት የለም ማለት ይቻላል፤ የገደለው የራሱ የባክቴሪያው ጉልበት ነው። የእኛ ሴል ደግሞ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው አይነካም።

እዚህ ላይ ልብ በልልኝ። ሥራ ያቆመ፣ የማያድግ ባክቴሪያ በፔኒሲሊን አይሞትም። ጆሴፍ ቢገር የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1944 ይህንን ጽፏል። ከብዙ ስታፊሎኮከስ መካከል ጥቂቶች ይተርፋሉ። የተረፉት ከሌሎቹ የጠነከሩ አይደሉም፤ መልሰው ሲባዙ ዘሮቻቸው በዚያው መድኃኒት ያልቃሉ። የተረፉት ተኝተው ስለነበር ብቻ ነው።

ስለዚህ ደካማው ጎን ቦታ ሳይሆን ሥራ ነው ባይ ነኝ፤ ያ ነገር ለመኖር ሲል ሊያቆመው የማይችለው ሥራ። በመቀሌም ቢሆን ግንቡ ጉድለት ነበረበት አይባልም። ግንቡ ውስጥ ያለው ሰው ነው ውሃ መጠጣት ማቆም የማይችለው።

ቁልፍ ቆጣሪ፦

እህቴ፣ ይሄ ነገር በኮድ በኩል ቃል በቃል ይሠራል። ኤኒግማ ላይ ላሳያችሁ።

የማሽኑ ፊት ላይ ያለው የሶኬት ሰሌዳ በ10 ገመድ ፊደላትን ጥንድ ጥንድ እያደረገ ይለዋውጣል። ይህንን ማድረግ የሚቻልበት መንገድ ከ150 ትሪሊዮን በላይ ነው። ማሽኑ ውስጥ የሚሽከረከሩትን ጎማዎች፣ ሮተሮቹን፣ ገና አልቆጠርንም። በዚህ በኩል የሚመጣ ሰው ዕድሜውን ይጨርሳል። አሁን ማሽኑ ለተጠቃሚው እንዲመች ተብሎ ምን እንደተደረገ እዩ። ኤሌክትሪኩ በሮተሮቹ ካለፈ በኋላ ጫፍ ላይ አንጸባራቂ የሚባል አካል አለ፤ እሱ በሌላ መስመር መልሶ ይልከዋል። ጥቅሙ ትልቅ ነው፦ በተመሳሳይ አሰላለፍ አንዱ ይመሰጥራል፣ ሌላው ይፈታል፤ ሁለት ዓይነት ማሽን አያስፈልግም። ዋጋው ደግሞ አንድ ፊደል በፍጹም ራሱን ሆኖ አይወጣም።

ይህ ምን ይጠቅማል? የአየር ጠባይ ዘገባዎች በየቀኑ ተመሳሳይ በሆነ አጀማመር ይላኩ ነበር። ኮድ ሰባሪው የሚጠረጥረውን ሐረግ ከተመሰጠረው ጽሑፍ ሥር ይጽፋል። አንድ ቦታ ላይ እንኳ ላይኛውና ታችኛው ፊደል አንድ ከሆኑ ሐረጉ እዚያ ሊሆን አይችልም። አንድ ፊደል ወደ ቀኝ ይገፋና ደግሞ ያያል። በእርሳስና በወረቀት የሚሠራ ነገር ነው፤ ግን ብዙውን የሐሰት ቦታ ያጠራል።

የሶኬት ሰሌዳውም ቢሆን ሀ ለ ከሆነ ለም ሀ ነው፤ ጎርደን ዌልችማን በዚህችው ነገር ተጠቅሞ የአለን ቱሪንግን የኮድ መስበሪያ ማሽን በጣም አፈጠነው። ከሁሉም በፊት ደግሞ ማሪያን ሬየቭስኪ የተባለው ፖላንዳዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1932 መጨረሻ የገባው በምን መሰላችሁ? ጀርመኖቹ የመልእክቱን ሦስት ፊደል ቁልፍ ሁለቴ ደጋግመው ይልኩ ነበር፤ ሬዲዮው ቢያጉረመርም ተቀባዩ እንዳይስት። ለጥንቃቄ ተብሎ የተደረገ ድግግሞሽ ነው። ያ ድግግሞሽ አንደኛውን ፊደል ከአራተኛው ጋር፣ ሁለተኛውን ከአምስተኛው ጋር፣ ሦስተኛውን ከስድስተኛው ጋር አቆራኘውና በሩ ተከፈተ። ሦስቱንም ጊዜ የተገባው ማሽኑ ጠቃሚ እንዲሆን በተጨመረው ነገር በኩል ነው።

ደካማ ጎን የሌለው ኮድ የለም ወይ? አለ። ቁልፉ የመልእክቱን ያህል ረጅም፣ በዘፈቀደ የተመረጠ እና አንዴ ብቻ የሚሠራበት ከሆነ ሊሰበር አይችልም፤ ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1949 ማረጋገጫውን አሳትሟል። ሶቪየቶች በዚህ ይጠቀሙ ነበር። ግን ያን ሁሉ ቁልፍ ማተም፣ ማሸግ፣ ማድረስ አለ። በጦርነቱ ውጥረት መሃል አንዳንድ ገጾች ሁለቴ ታትመው ተሰራጩ፤ አሜሪካኖቹ በቬኖና ፕሮጀክት ከመልእክቶቹ የተወሰኑትን አነበቡ። ሒሳቡ ምንም አልሆነም። ማተሚያ ቤቱ ነው የደከመው።

የድሮ ወታደር፦

ልጆች፣ የጻፋችሁት ሁሉ ደስ ይላል፤ ግን ጉልበትን አቃለላችሁት። ይህንን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ምንጩን መያዝ አንድ ነገር ነው። ቀንና ሌሊት ይዞ መቆየት ግን ሰው ይበላል። የመቀሌው ምሽግ ዙሪያውን በብዙ ሠራዊት ባይከበብ ኖሮ ከውስጥ ያለው ወጥቶ ውሃውን ያስመልሰው ነበር። ደካማ ጎን ጉልበትን አይተካም። የሚያስፈልግህን ጉልበት ያለህን ያህል ያደርግልሃል፤ ሥራው ይኸው ነው። ያለህ እሱንም ካላከለ ቀዳዳውን ማግኘትህ ምንም አይጠቅምህም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ የተደረገውን የካምብሬ ውጊያ አንብቡ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 1917 እንግሊዞች ያን የተለመደ የብዙ ቀን የመድፍ ድብደባ ትተው ከ400 በላይ ታንክ በአንድ ጊዜ ለቀቁ። ጀርመን የማይደፈር ያለችው መስመር በጥቂት ሰዓት ተሰበረ፤ እንግሊዝ አገር የቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ። ግን በተከፈተው በር ገብቶ የሚሄድ ተጠባባቂ ጦር በበቂ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት በነበረው የፓሽንዴል ውጊያ ለወራት ሲያልቅ ከርሞ ነበር። ታንኮቹም ብዙዎቹ ገና በመጀመሪያው ቀን ተመትተው ወይም ተበላሽተው ቆሙ። ኅዳር 30 ጀርመኖች በመልሶ ማጥቃት ከተወሰደባቸው መሬት ብዙውን አስመለሱ። ደካማው ጎን እውነት ነበር፣ ተገኝቷል፣ ተሰብሯል። የቀረው ሰው ነው።

ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 10 ቀን 1940 የቤልጂጉን የኤቤን ኤማኤል ምሽግ ጣሪያ ላይ በግላይደር (ሞተር በሌለው አውሮፕላን) ያረፉት ጀርመኖች መቶ አይሞሉም፤ ውስጥ ያለው ቤልጂጋዊ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ነበር። ሁሉም የሚያወራው ይህንኑ ነው። በማግስቱ ምሽጉ እጅ ሲሰጥ ግን ዋናው የጀርመን ጦር ደርሶ ነበር። እሱ ባይደርስ እነዚያ ጥቂቶች ጣሪያው ላይ ምን ያህል ይቆያሉ?

ደግሞ ደካማውን ጎን ጭራሽ ያልፈለገ ጀግናም አለ። ኤፓሚኖንዳስ፣ የጥንቷ የግሪክ ከተማ የቴብስ አዛዥ፣ ሌውክትራ ላይ በ371 ከክርስቶስ ልደት በፊት። የግራ ክንፉን 50 ሰልፍ ያህል አወፍሮ የመታው ስፓርታውያን ንጉሣቸው ራሱ ባለበት፣ በጠንካራው ጎናቸው ነው። ንጉሡ ወደቀ። የቀሩት አጋሮቻቸው ያን ካዩ በኋላ ለመዋጋት ልብ አልነበራቸውም። ሁሉም የተደገፈበትን ምሰሶ መታ። ይሄ ደካማ ጎን ነው ወይስ ጠንካራ ጎን? እኔ ሁለቱንም ነው እላለሁ።

ቁልፍ ቆጣሪ፦

ጋሼ፣ ያሉትን እቀበላለሁ። ስለ ኤኒግማ ስጽፍ ግማሹን ነው የተናገርኩት። በእርሳስ ከተጣራ በኋላ የሚቀረውን አንድ በአንድ የሚፈትሹ ማሽኖች ያስፈልጉ ነበር፤ እንግሊዞቹ ከ200 በላይ ሠርተዋል፤ ሌት ተቀን በፈረቃ የሚያንቀሳቅሷቸው በአብዛኛው የባሕር ኃይል ሴቶች ነበሩ። ደካማው ጎን የማይቻለውን ወደ በጣም አድካሚ አወረደው። አድካሚውን የጨረሱት እነሱ ናቸው።

ንጹሕ ጉልበትም ያሸነፈበት አለ። ዴስ የሚባለው የአሜሪካ የምስጢር ስልት ቁልፉ 56 ቢት ነበር፤ እያንዳንዱ ቢት 0 ወይም 1 ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በ250,000 ዶላር ገደማ የተሠራ አንድ ማሽን ቁልፎቹን እየሞከረ በ56 ሰዓት ትክክለኛውን አገኘ። ምንም ብልሃት የለበትም፤ መሞከር ብቻ።

ግን እዚህ ላይ ኮድ ከጦርነት ይለያል። ቁልፉ ላይ አንድ ቢት ስትጨምር አንተን የሚያስወጣህ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ የአጥቂህ ሥራ ግን በእጥፍ ይጨምራል። 128 ቢት ላይ ስትደርስ በመሞከር የሚያገኘው ኮምፒውተር የለም። ለዚህ ነው ዛሬ ሒሳቡን ትተው ኮምፒውተሩ ለማስላት የወሰደበትን ጊዜ፣ የበላውን ኤሌክትሪክ፣ የሰውየውን የይለፍ ቃል የሚያሳድዱት። ምሽግ የሚሠራ አዛዥ ግን ግንቡን ሲያወፍር ድንጋዩን በየኪሎው ይከፍልበታል።

ላብራቶሪ፦

በሕክምና ደግሞ ሌላ ገደብ አለ፤ የጦር ሜዳው በሽተኛው ራሱ ነው። የካንሰር መድኃኒት መጠን በጨመርን ቁጥር የአጥንት መቅኒውም አብሮ ይጎዳል። ስለዚህ እኛ የጋሼን ያህል ጉልበት ለመጨመር እጃችን አጭር ነው። ደካማ ጎን ፍለጋ የምንሯሯጠውም ለዚህ ነው።

ጉልበት ሲጎድል የሚመጣውንም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው። ስትሬፕቶማይሲን ለሳንባ ነቀርሳ ብቻውን በተሰጠበት ጊዜ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ በሽተኞች ይሻላቸውና ከወራት በኋላ መልሰው ይታመሙ ነበር። አንድ ሰው ሳንባ ውስጥ እጅግ ብዙ ባክቴሪያ ስላለ ከመካከላቸው መድኃኒቱን በአጋጣሚ የሚቋቋም አይጠፋም። ሌሎቹ ሲያልቁ ቦታው ለእሱ ይለቀቃል። ሁለትና ሦስት መድኃኒት አብሮ ሲሰጥ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚቋቋም ማግኘት እጅግ ብርቅ ነው። ዛሬም የነቀርሳ ሕክምና በአራት መድኃኒት የሚጀመረው ለዚህ ነው። መሃል ላይ ያቋረጠ ሰው ጋሼ ካምብሬ ላይ ያሉት ደርሶበታል፤ በሩን ከፍቶ ለመልሶ ማጥቃት ትቶታል።

የማታ አንባቢ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ብዙ ነገር ጠራልኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ደካማ ጎን ሲመቱት ይዘጋል አይደል? ጠላት ያውቅበታል። ታዲያ ያገኘውን ሰው ምን ያደርጋል፣ ቶሎ ይጠቀምበት ወይስ ይደብቀው?

ቁልፍ ቆጣሪ፦

እንግሊዞቹ ደብቀውታል። በሜዲትራኒያን ባሕር የጠላት መርከብ የት እንዳለ ከኮዱ ካወቁ በኋላ መጀመሪያ ቃኚ አውሮፕላን ይልኩ ነበር፤ መርከበኞቹ በአውሮፕላን ነው የታየነው ብለው እንዲያምኑ። ያም ሆኖ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች እ.ኤ.አ. በየካቲት 1942 አራተኛ ሮተር ሲጨምሩ እንግሊዞች ለአሥር ወር ያህል ታወሩ። የመርከብ ኪሳራውም በዚያ ዓመት ከበደ።

ላብራቶሪ፦

እኛ መደበቅ አንችልም። ባክቴሪያ አያስብም፣ ስለዚህ አይታለልም፤ መድኃኒቱን ባገኘው ቁጥር የሚቋቋመው ይመረጣል፣ አለቀ። ያለን አማራጭ መቆጠብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት ምድብ ሲከፍል የመጨረሻውን ምድብ የመጠባበቂያ ብሎታል፤ ሌላው ሁሉ አልሠራ ሲል ብቻ የሚወጡ ናቸው። ለቀላል ጉንፋን እነዚህን ስጡኝ ብሎ የሚጨቃጨቅ ሰው አጠገባችሁ ካለ እባካችሁ አስረዱት። ጉንፋን ከቫይረስ ነው፤ እዚያ የሚቆረጥም የሚታሰርም ግድግዳ የለም።