ማግኔቱ ይስበዋል፣ ግን መሥራት አቁሟል

ግራ_የገባት፦
ሰላም ጓዶች። ለማስተርስ የምሠራው ካታሊስት (ኬሚካዊ ለውጥ የሚያፋጥን ነገር) አስቸገረኝ። ማግኔታይቱን (በማግኔት የሚሳበውን ጥቁር የብረት ኦክሳይድ) ከብረት 3 እና ከብረት 2 ክሎራይድ፣ 2 ለ 1 አድርጌ፣ 80 ዲግሪ ላይ አሞኒያ ጠብ እያደረግኩ ሠራሁት። ወዲያው ጥቁር አለ። ከዚያ ለውጡን የሚያፋጥነውን ሜታል፣ ፓላዲየምን፣ ጫንኩበት። በ4-ናይትሮፌኖልና በሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ስሞክረው በመጀመሪያው ዙር የናይትሮፌኖሉ ቢጫ ቀለም በደቂቃዎች ጠፋ። ሦስተኛው ላይ ግን ግማሽ ሰዓት ቆሜ ብጠብቅ ንቅንቅ አላለም። ማግኔቱ አሁንም ልጥፍ አድርጎ ይይዘዋል! ታዲያ ምኑ ነው የሞተው? ዱቄቱም ከኦቨን ሲወጣ ቡናማ እየመሰለ ነው።

ጥቁር_ብልቃጥ፦
በማግኔቲክ ስተረር ነው የምታማስዪው? እንግዲያውስ ስተር ባሩን (ፈሳሹ ውስጥ የሚሽከረከረውን ማግኔት) አውጥተሽ እዪው። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ካታሊስቴ ሞተ ብዬ ሳዝን ዱቄቱ ለካ ባሩ ላይ እንደ ጢም በቅሎ ተቀምጧል። በሼከር ቀይሪው።

አሮጌ_ኬሚስት፦
ማግኔት የሚስበው ብረቱን ነው፣ ፓላዲየሙ መኖሩን አይነግርሽም። ባዶ ማግኔታይት ላይ የተጫነ ፓላዲየም በየእጥበቱ ሊሄድ ይችላል። መጀመሪያ በቲኢኦኤስ (የሲሊካ መነሻ ኬሚካል) ሲሊካ አልብሺው፣ ከዚያ አሚን ያለውን ኤፒቲኢኤስ ጨምሪ፤ አሚኑ ፓላዲየሙን ጨብጦ ይይዝልሻል። አሁን ለማጣራት ደግሞ ቢጫው ግማሽ ሲደርስ ካታሊስቱን በማግኔት ያዢና ፈሳሹን ብቻ ወደ ሌላ ብልቃጥ ገልብጪ። እዚያም መደብዘዙን ከቀጠለ ፓላዲየሙ ፈሳሹ ውስጥ ነው። ካልቀጠለም ቶሎ አትደሰቺ፣ እጣቢውን በአቶሚክ አብዞርፕሽን (የሜታል መጠን በሚለካ መሣሪያ) አስለኪው። ቡናማው ኦክሳይድ መሆን ስለጀመረ ነው። ማግኔታይት ኦክሳይድ ሲሆን የሚወጣው ቡናማ ማግሄማይትም በማግኔት ስለሚሳብ በመሳቡ አትለዪውም። ኦቨኑን ተዪው፣ በኤታኖል አጥበሽ እርጥቡን እንዳለ ለቀጣዩ ዙር ተጠቀሚበት።

ጥቁር_ብልቃጥ፦
ቆይ፣ ቦሮሃይድራይዱን መቼ ነው የበጠበጥሽው? ውሃ ውስጥ ሲቆይ ሃይድሮጅን እየለቀቀ ይደክማል እኮ።

ግራ_የገባት፦
ኧረ ጉድ! ጠዋት አንዴ በጥብጬ ለሦስቱም ዙር እሱኑ ነው የተጠቀምኩት 🤦🏾‍♀️ ስተር ባሩንም አየሁት፣ ጢም ብቻ አይደለም፣ ጎፈሬ ነው። ነገ በየዙሩ አዲስ እበጠብጣለሁ፣ ሼከሩንም ከጎረቤት ላብ እለምናለሁ።

አሮጌ_ኬሚስት፦
ጥሩ፣ ግን እጣቢውን እንዳትደፊው። ፓላዲየሙን ሳትለኪ አስተማሪሽ ፊት እንዳትቀርቢ።