አንድ ሲሪያል ፖርት ለኪፓድና ለባርኮድ አንባቢ፦ የከርነል ድራይቨሩ እንዴት ይነደፍ?

ጥያቄ፣ ከአዳማ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አዳማ ለሚገኝ የእህል መጋዘን የጆንያ መመዝገቢያ ማሽን እየሠራን ነው። ሊኑክስ የተጫነበት ቦርዳችን የቀረው ሲሪያል ፖርት (ዳታ በተከታታይ የሚተላለፍበት መግቢያ) አንድ ብቻ በመሆኑ፣ ኪፓዱም ባርኮድ አንባቢውም በአንድ ማይክሮኮንትሮለር (አነስተኛ የመቆጣጠሪያ ቺፕ) በኩል በዚያው ፖርት ይገባሉ። ለሁለቱ ሁለት ድራይቨር (ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ አንድን መሣሪያ የሚያዝበት ፕሮግራም) ብንጽፍ ኮዱ ይበልጥ ንጹሕ የሚሆን ይመስለኛል፤ ነገር ግን አንደኛው ፖርቱን ከያዘ ሁለተኛው አይመዘገብም። ምን ትመክራላችሁ?

ምላሽ

ከርነሉ የሚከለክለው ሆን ብሎ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከርነል 4.11 ጀምሮ የሚገኘው ሰርዴቭ፣ ማለትም በሲሪያል ፖርት የተገናኙ መሣሪያዎችን የሚያስተናግደው የከርነሉ ክፍል፣ በአንድ ፖርት ሥር አንድ ተገልጋይ ብቻ ይቀበላል። ባይከለክል ኖሮ አንዱ ድራይቨር ያነበበውን ባይት ሌላው ስለማያገኘው መልእክቱ ለሁለት ይቀደድ ነበር። ስለዚህ ፖርቱ አንድ ባለቤት ይኑረው፤ ያው ድራይቨር ግን ሁለት የኢንፑት (የግብዓት) መሣሪያ ማስመዝገብ ይችላል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመልእክቱ ቅርጽ ነው። መቀበያው ፋንክሽን (ባይት ሲመጣ ከርነሉ የሚጠራው የድራይቨሩ ክፍል) የሚደርሰው ሙሉ መልእክት ሳይሆን የመጣው ያህል ባይት ስለሆነ፣ መነሻ ባይት፣ የመሣሪያ ቁጥር፣ ርዝመትና ቼክሰም (መልእክቱ መበላሸቱን ማወቂያ ድምር) አስቀምጡ፤ የተጀመረውንም መልእክት እስኪሞላ ድረስ ድራይቨሩ ይያዝ። ኪፓዱ «ተጫነ»፣ «ተለቀቀ» እያለ ከላከ ደግሞ አንድ «ተለቀቀ» ሲጠፋ ቁልፉ እንደተጫነ ይቀራል፣ ቁጥሩም መደጋገም ይጀምራል። በየጊዜው የሁሉንም ቁልፎች ሁኔታ ቢልክ የጠፋውን የሚቀጥለው መልእክት ያርመዋል።

ሌላ ምላሽ፣ ከሐዋሳ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ አንድ ሁኔታ ብቻ ልለይ። ከበስተጀርባ ያለው መሣሪያ የራሱ ፕሮቶኮልና ነባር ድራይቨር ካለው፣ ባለቤቱ ድራይቨር በሥሩ ልጅ ፖርት መፍጠር ይችላል። የሲናፕቲክስ ታችፓድ ድራይቨር በሴሪዮ ንዑስ ሥርዓት (እንደ ኪቦርድና ማውስ ያሉትን የሚያስተናግድ የከርነል ክፍል) የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ ከታችፓዱ ጀርባ የተገናኘው ትራክፖይንት (በኪቦርዱ መሐል ያለው ትንሽ የጠቋሚ ማንቀሳቀሻ) የራሱ ፖርት ያለው ሆኖ ይታያል።

ወደ ማይክሮኮንትሮለሩ ትእዛዝ የምትልኩ ከሆነ ከትእዛዙ እስከ መልሱ ያለውን በሙሉ በአንድ ሚውቴክስ (በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ የሚያሳልፍ መቆለፊያ) ጠብቁት። በመቀበያው ፋንክሽን ውስጥ ሆናችሁ መልስ አትጠብቁ፤ መልሱ የሚገባው በዚያው ፋንክሽን በኩል ስለሆነ መጠበቁም መቀበሉም ይቆማሉ።

ጠያቂው

እጅግ አመሰግናለሁ። አንባቢያችን ነባር ድራይቨር ስለሌለው አንድ ድራይቨር እንጽፋለን። የባርኮዱን ፊደላት እንደ ቁልፍ ብንልካቸው ችግር ይኖረዋል?

ምላሽ

ይኖረዋል። ከርነሉ የሚያስተላልፈው የቁልፍ ኮድ እንጂ ፊደል አይደለም፤ ፊደሉን የሚወስነው በዚያ ሰዓት የተመረጠው የኪቦርድ አቀማመጥ ነው። የመጋዘኑ ሠራተኛ አማርኛ መርጦ ከሆነ በላቲን የታተመው ባርኮድ በግዕዝ ፊደል ይገባል። የምዝገባው ፕሮግራም የአንባቢውን ኢቨንት ፋይል (ከርነሉ የቁልፍ ኮዶቹን ለፕሮግራሞች የሚያቀርብበትን ፋይል) ለብቻው ይዞ ኮዱን ራሱ ይተርጉም።