የሰኔው የምክር ቤት ጉባኤና የካፒታል ፕሮጀክቶች፦ ዝግጅቱ ከየትኛው ወር ይጀመር?

ጠያቂ (የምክር ቤት ጽ/ቤት)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ የከተማ ምክር ቤት ጉባኤ አዘገጃጀትን ይመለከታል። ከተማው መካከለኛ ነው፤ የምክር ቤቱ አባላት 51 ናቸው። በሰኔው መደበኛ ጉባኤ የቀጣዩ ዓመት በጀት ይጸድቃል። የቀረቡት አዳዲስ የካፒታል ሥራዎች ሦስት ናቸው፦ 850 ሜትር የጌጠኛ ድንጋይ መንገድ፣ ከመንገዱ ጋር የሚሄድ የጎርፍ መውረጃ ቦይ እና የገበያ ሼድ።

ችግሩ በየዓመቱ ያው ነው። በጀቱ ሰኔ ላይ ይጸድቃል፣ ቁፋሮ የሚጀመረው የካቲት ላይ ነው፣ ሰኔ 30 ሲደርስ መንገዱ ግማሽ ላይ ቆሞ በጀቱ ይታጠፋል። አባላቱም ሰነዱን የሚያገኙት አዳራሽ በር ላይ ሲፈርሙ ነው። አንድ ፕሮጀክት ወደ ምክር ቤት ከመግባቱ በፊት ምን ማሟላት አለበት? የጉባኤው ዝግጅትስ ከየት ይጀመር? ሥራውን የምታውቁት ዘርዘር አድርጋችሁ ብትጽፉ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ 1 (ዕቅድና በጀት)

ቆጠራውን ከሰኔ ስለምትጀምሩት ነው የምትዘገዩት። ከዝናቡ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ።

የበጀት ዓመቱ የሚገባው ሐምሌ 1፣ በክረምቱ እምብርት ነው። አፈር ቆርጦና ጠቅጥቆ መንገድ መሥራት የሚቻለው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው፤ በልግ የሚዘንብበት አካባቢ ከሆናችሁ መጋቢትና ሚያዝያም አስተማማኝ አይደሉም። ስለዚህ ተቋራጩ ጥቅምት ሲገባ ሳይቱን ተረክቦ መገኘት አለበት። ከጨረታ ማስታወቂያ እስከ ሳይት ርክክብ ከ75 እስከ 90 ቀን ያዙ። ጨረታው ክፍት የሚቆይበት፣ የመክፈቻና ግምገማ፣ የቅሬታ ጊዜ፣ የውል ማስከበሪያ ማቅረቢያና ፊርማ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው፤ ዝርዝር ቀኖቹን በክልላችሁ የግዥ መመሪያ አስተካክሉ። ሐምሌ 5 በበኵር ወይም በአዲስ ዘመን ጋዜጣ የወጣ ጨረታ በ90 ቀን መስከረም 30 ላይ ይደርሳል። ያው ጨረታ ጥቅምት 25 ቢወጣ ግን የሚያርፈው ጥር 25 ላይ ነው። እናንተ የካቲት ላይ ቁፋሮ የምትጀምሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሐምሌ 5 ጨረታ ለማውጣት የጨረታ ሰነዱ ሰኔ ውስጥ ተጠናቅቆ መቀመጥ አለበት። ንድፉና የሥራ ዝርዝሩ ግንቦት ላይ፣ የመስክ ልኬቱ መጋቢት ላይ፣ የበጀት ጥሪውና ጣሪያው ለየጽ/ቤቱ የሚወርደው የካቲት ላይ፣ የቀበሌ ውይይቱ ደግሞ ጥር ላይ ይሆናል። ግንቦት ላይ በሚደረገው የበጀት ስሚ እያንዳንዱ ጽ/ቤት ቁጥሩን ይዞ ይከራከራል። ከዚያ ካቢኔው አይቶ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራዋል። ሰኔ ላይ ምክር ቤቱ የሚያየው ነገር ቢያንስ አምስት ወር የተሠራበት ይሁን።

ሌላው በብዛት የሚያሳስተው የድልድል ቅደም ተከተል ነው። አዲስ ፕሮጀክት የሚታሰበው በተረፈ ገንዘብ ነው። በመጀመሪያ የተሸጋገሩ ውሎች ቀሪ ክፍያ ይቀነሳል፤ ቀጥሎ በጊዜያዊ ርክክብ ላይ ያሉ ሥራዎች መያዣ ገንዘብ (እስከ መጨረሻው ርክክብ ከተቋራጩ ክፍያ ተቀንሶ የሚቆይ፤ በአብዛኛው ውል 5% ነው)፤ ቀጥሎ የነባር መንገድና ቦይ ጥገና። ለምሳሌ የካፒታል ጣሪያው 60 ሚሊዮን ብር ሆኖ ለተሸጋገሩት 14፣ ለመያዣ 2፣ ለጥገና 5 ሚሊዮን ቢያስፈልግ ለአዲስ የሚቀረው 39 ሚሊዮን ነው። በ60 ሚሊዮን ሦስት አዲስ ፕሮጀክት አጽድቆ መስከረም ላይ የአምናው ተቋራጭ የክፍያ ሰርተፊኬት ይዞ ሲመጣ መደናገጥ የሚመጣው ይህ ስለሚዘለል ነው። በዩአይአይዲፒ (የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ልማት ፕሮግራም) ታቅፈው የነበሩት 117 ከተሞች የሦስት ዓመት ተንከባላይ የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ ማዘጋጀት ስለነበረባቸው ቅጹን ያውቁታል። ፕሮግራሙ ውስጥ ባትኖሩም አሠራሩን ተጠቀሙበት፤ የመጀመሪያው ዓመት የበጀት ቁርጥ፣ ሁለቱ ዓመታት ደግሞ ግምት ሆነው ይያዛሉ።

መልስ 2 (መሐንዲስ)

ከላይ በተጻፈው ላይ የግንባታውን ጎን ልጨምር። ምክር ቤቱ ፊት የሚቀርብ የመንገድ ፕሮጀክት «850 ሜትር ጌጠኛ ድንጋይ» በሚል አንድ መስመር መምጣት የለበትም። ስፋቱ 7 ሜትር ቢሆን 5,950 ካሬ ሜትር ነው። 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ከነክፍተቱ በካሬ 83 ገደማ ስለሚገባ 494,000 ድንጋይ፣ ብክነቱን 5% ስትጨምሩ ወደ 519,000 ይደርሳል። ከሥሩ 20 ሳንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ሰሌክት (የተመረጠ የመሙያ አፈር) 1,190 ሜትር ኩብ ይፈልጋል፤ በመኪና ተጭኖ ሲመጣ ልል ስለሆነ 1,490 ገደማ መግዛት አለባችሁ። ለማንጠፊያ 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ወደ 300 ሜትር ኩብ፣ የጠርዝ ድንጋይ በሁለቱም ወገን 1,700 ሜትር። ይህን ያህል ድንጋይ ጠራቢ ማኅበራቱ በስንት ወር ያደርሳሉ የሚለው ጥያቄ በጉባኤው መነሳት አለበት፤ ጥርቡ ካልደረሰ ተቋራጩ የማራዘሚያ ጊዜ ይጠይቃል፣ ጥያቄውም ተገቢ ይሆናል።

ገንዘቡን እንዲህ አስሉት። የመሐንዲስ ግምቱ 20 ሚሊዮን ብር ከሆነ 10% መጠባበቂያ ሲጨመር 22 ሚሊዮን፣ 15% ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲደመር 25.3 ሚሊዮን ነው። የቁጥጥር ወጪ ገና አልገባም። በጀት ላይ 20 ተጽፎ ውሉ 23 ሆኖ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ተቋራጩ ነው በውድነት የሚታማው፤ ልዩነቱ ግን ታክሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው የመሬት ውስጥ መስመርና ምሰሶ ነው። ለውሃ አገልግሎት፣ ለመብራት ኃይልና ለቴሌ ደብዳቤ የሚጻፈው መጋቢት ላይ ነው፤ ምሰሶ ለማዛወር የግምት ክፍያ ተጠይቆ፣ ተከፍሎ፣ ዕቃ ተገኝቶ እስኪነሳ ወራት ይወስዳል። የቤት ውሃ ቅጥያዎች ከመንገዱ በፊት መሻገር አለባቸው። ለወደፊቱ ደግሞ በየ50 ሜትሩ 110 ሚሊ ሜትር ባዶ ቱቦ ከሰሌክቱ በታች አግድም ቅበሩ። ጌጠኛ ድንጋይ አንዴ ከተቆፈረ ሲመለስ እንደ በፊቱ አይጠቀጠቅም፤ ክረምት ሲገባ ልክ በቆፈራችሁበት መስመር ይሰምጣል።

ቦዩ ከመንገዱ ይቅደም፣ ከታች ከመውጫው ተጀምሮም ወደ ላይ ይሠራ። ከላይ የተጀመረ ቦይ በጀት ካለቀበት ጎርፉን ሰብስቦ ሰው ቤት ላይ ነው የሚደፋው። ተዳፋቱ በ100 ሜትር ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ ደለል ይተኛበታል። መውጫው ወንዝ ወይም ዋና ቦይ መድረሱ በፕላን ላይ ካልታየ ፕሮጀክቱን አታጽድቁ።

ለሼዱ አንድ ነገር ጠይቁ፤ የቦታው ካርታ በማን ስም ነው?

ስለ ሐምሌው ጨረታ አንድ ማስተካከያ አለኝ። ተጫራች ሳይቱን በጭቃ ጊዜ ስለሚያየው ስጋቱን ዋጋ ላይ ይጭናል። በበጋ የተነሱ ፎቶዎችንና የአፈር ምርመራ ውጤት ከጨረታ ሰነዱ ጋር አያይዙ።

መልስ 3 (የጉባኤ አሠራር)

አባላት ሰነዱን በር ላይ ካገኙት ማጽደቅ እንጂ መመርመር አይችሉም። የጥሪ ደብዳቤው፣ አጀንዳውና ሰነዱ አንድ ላይ ከጉባኤው 10 ቀን ቀድመው ይድረሱ፤ የውስጥ ደንባችሁ የበለጠ ካለ በደንባችሁ ሂዱ። መቶ ገጽ አትበትኑ። ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት አንድ ገጽ ይበቃል፦ ቦታው፣ መጠኑ፣ ጠቅላላ ዋጋው ከነታክሱ፣ የገንዘብ ምንጩ፣ ጨረታ የሚወጣበትና ሥራ የሚጀመርበት ቀን፣ ያልተፈታ ጉዳይ። የመጨረሻዋ መስመር ባዶ ሆና ከመጣች ጽ/ቤቱን መልሳችሁ ጠይቁ፤ ያልተፈታ ጉዳይ የሌለው የመንገድ ፕሮጀክት ብርቅ ነው።

የበጀትና የመሠረተ ልማት ቋሚ ኮሚቴዎች በእነዚያ 10 ቀናት ውስጥ ቦታው ድረስ ሄደው ያያሉ፣ የውሳኔ ሐሳባቸውን በጽሑፍ ያመጣሉ። ጉባኤው ላይ የከንቲባው ሪፖርት ሙሉውን ከተነበበ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ጭብጡ በ20 ደቂቃ ይቅረብ፣ ሙሉው አስቀድሞ እጃቸው ላይ ነው።

የበጀት ድምፅ ከምሳ በፊት ይሰጥ። ምልዓተ ጉባኤው ከግማሽ በላይ ከሆነ ከ51 አባላት 26 መኖር አለባቸው፤ ጠዋት 43 ፈርመው ከሰዓት 24 ሲቀሩ የጸደቀ በጀት ለክርክር በር ይከፍታል። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ሰው እንደገና ይቆጠር፣ ቃለ ጉባኤው ላይም በቁጥር ይስፈር። 43 ተገኝተው ድጋፍ 38፣ ተቃውሞ 3፣ ድምፀ ተአቅቦ 2 ከሆነ ድምሩ 43 መምጣቱን አፈ ጉባኤው ያረጋግጥ።

የውሳኔው አጻጻፍም ወሳኝ ነው። «መንገዱ በትኩረት እንዲሠራ ተወስኗል» የሚል ቃል ማንንም አያስጠይቅም። እንዲህ ይጻፍ፦ «የ850 ሜትር ጌጠኛ ድንጋይ መንገድ ከነቦዩ በተያዘለት የካፒታል በጀት እንዲሠራ፤ ማዘጋጃ ቤቱ የጨረታ ሰነዱን እስከ ሰኔ 25 ለግዥ ክፍል እንዲያስረክብ፤ ጨረታው እስከ ሐምሌ 5 እንዲወጣ፤ አፈጻጸሙ በጥቅምቱ ጉባኤ እንዲቀርብ።» የሚቀጥለው ጉባኤ የመጀመሪያ አጀንዳ ይህችን አንቀጽ ነጥብ በነጥብ መጠየቅ ይሁን።

ጠያቂ

በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። ነዋሪው ለመንገዱ 4 ሚሊዮን ብር ለማዋጣት ቃል ገብቷል፤ በገቢ ይያዝ? ደግሞ ሰባት ግቢዎች አጥራቸው የመንገዱ ክልል ውስጥ ነው።

መልስ 1 (ዕቅድና በጀት)

ቃል የተገባ ብር በጀት አይደለም። ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ የገባውንና ደረሰኝ የተቆረጠለትን ብቻ ያዙ። ሰኔ ላይ 1.5 ሚሊዮን ገብቶ ከሆነ በዚያ ልክ የሚሠራውን ሜትር ቁረጡ፤ ቀሪው ሲሞላ በጥር ወር ጉባኤ በተጨማሪ በጀት ይጸድቃል። ጨረታውን ግን 600 እና 250 ሜትር አድርጋችሁ በሁለት ሎት (ለየብቻ በሚወጡ የጨረታ ክፍሎች) ከፍላችሁ አዘጋጁት፣ ሁለተኛው ገንዘቡ ሲገባ ብቻ ይወጣል።

መልስ 2 (መሐንዲስ)

ስለ አጥሮቹ፦ መጀመሪያ ይዞታዎቹ ሕጋዊ መሆናቸውና የመንገዱ ክልል በከተማው ፕላን ላይ የጸደቀ መሆኑ ይጣራ። ሕጋዊ ከሆኑ አዋጅ 1161/2011ን እና በ1336/2016 የወጣውን ማሻሻያ ከሕግ ክፍላችሁ ጋር ተመልከቱ። በ1161 መሠረት ተነሺዎችን ማወያየት የሚጀመረው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ነው፤ ካሳ ከተከፈለ በኋላም ለመልቀቅ 120 ቀን አላቸው፣ በመሬቱ ላይ ንብረት ከሌለ 30 ቀን።

ይህን ቀን ከላይ ካለው ቆጠራ ጋር አገናኙት። ካሳው ከአዲሱ በጀት ሐምሌ 10 ቢከፈል 120ኛው ቀን ኅዳር 5 ነው፤ ተቋራጩ ከአንድ ወር በላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ለቆመበትም ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። ውይይቱ በጊዜው ተጀምሮ ከዘንድሮው በጀት ግንቦት 15 ከከፈላችሁ ግን መስከረም 10 ላይ ቦታው ነፃ ነው። ገንዘቡ ከሌለ ሰባቱ ግቢዎች ያሉበትን ሜትር በፕላን ላይ ምልክት አድርጉና ያ ክፍል በሁለተኛው ሎት ይግባ። የቦዩ መስመር በእነሱ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም፤ ቦዩ ከታች ወደ ላይ ስለሚሠራ መሃል ላይ ሊቆረጥ አይችልም። እሱን ዛሬውኑ ከቀያሽ ጋር ወርዳችሁ እዩ።