ባሌስትራን ዚንክ ማስነከር ያዋጣል?

ጠያቂ፦ ከአፍዴራ ጨው ነው የምጭነው። የአይሱዙዬ ባሌስትራ፣ ማለት ከስር ጭነቱን የሚሸከሙት ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች፣ በዝገት እየተላጠ ነው። ባለፈው አንዱ ቅጠል ተሰብሮ በረሃ ላይ አደርኩ፤ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ጋራዥ ሄጄ "እንዳይዝግ ቀልጦ የጋለ ዚንክ ውስጥ እናስነክርልህ" አሉኝ። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳትሞክረው! ያ ዚንክ 450 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የባሌስትራውን ጥንካሬ ሊጎዳው ይችላል። ባሌስትራውን በኤሌክትሪክ ዚንክ መለበጡም ያሰጋል። ሃይድሮጅን ብረቱ ውስጥ ይገባና አንድ ቀን ድንገት ቀጭ! እኔ ዝገቱን እስከ ንጹህ ብረት አስፍቄ ዚንክ የበዛበት ቀለም ቀባሁ። ቅጠሎቹ ሲፋተጉ ይለቃል፣ አልዋሽህም።

ጠያቂ፦ ቡሎኖቹስ?

ሌላ መልስ፦ ከፋብሪካ በዚንክ ተለብጦ የመጣውን ግዛ። ዚንኩ ለብረቱ ቀድሞ ይበላለታል፤ ሲያልቅ ግን ዝገቱ ይጀምራል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ከስር በንጹህ ውሃ አስጥብ።