ጨረቃን በፊልም ካሜራ ደራርቦ ማንሳት

ጠያቂ፦ ሰላም ወገን፣ ባህር ዳር ነኝ፣ ፔንታክስ ኬ1000 አለኝ ፊልሙ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 200 ነው፣ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ማታ ከነመብራቱ አንስቼ ከላዩ ትልቅ ጨረቃ መደረብ ፈልጌ ነበር ግን ካሜራው ለዚህ የሚሆን ቁልፍ የለውም፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይቻላል ወንድሜ። መጀመሪያ ጨረቃዋን በ200 ሚሊ ሌንስ አንሳ፣ ከዛ የፊልም መጠቅለያዋን እጀታ ወጠር አርገህ ያዝና ከስር ያለችውን ቁልፍ ተጭነህ ፊልም የሚያሳልፈውን ሊቨር ሳብ፣ ሸተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) ይሞላል ፊልሙ ግን ባለበት ይቆያል፣ ድልድዩን እዛው ላይ ደርበህ ታነሳለህ። ትንሽ ሊንሸራተት ስለሚችል ጨረቃዋን ጠርዝ ላይ አታስጠጋት፣ የቱ ጋ እንዳስቀመጥካትም ወረቀት ላይ ሳላት።

ሌላ መልስ፦ ላይት ሜትሩን (የካሜራውን ብርሃን መለኪያ) ግን እንዳታምነው! ጥቁሩን ሰማይ አይቶ ያሳስትሃል፣ ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ የመታት ድንጋይ ናት እኮ፣ ኤፍ 11 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ላይ 1/250 ሰከንድ ይበቃታል። በ200 ሚሊ ፊልሙ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የምትወጣው፣ ትልቅ ካልክ የ400 ሚሊ ሌንስ ተዋስ።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! ድልድዩንስ ጀምበር እንደገባች ላንሳው?

መልስ፦ አይ፣ ድቅድቅ ብሎ እስኪጨልም ጠብቅ፣ ጨረቃዋ ያረፈችበት ቦታ ላይ የሰማይ ብርሃን ከገባ ትደበዝዛለች። ትራይፖድ (ባለሶስት እግር ማቆሚያ) ያዝ፣ ክረምቱም ይውጣ።