ጥቆማ፦ ከአሜሪካ ለመጡ አክስቴ የእግር ጉብኝት፣ አስጎብኚ ልቅጠር ወይስ ራሴ ላዙራቸው?

የሸገር ልጅ፦ ሰላም ወገኖች። አክስቴ ከ22 ዓመት በኋላ ከሜሪላንድ መጥተዋል። ቅዳሜ አንድነት ፓርክን፣ ሥላሴን፣ ሙዚየሙንና ስድስት ኪሎን በእግር ላሳያቸው አስቤ ነበር። ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ማኪያቶ፦ አስጎብኚ እንዳትቀጥር! እኛ ለ3 ሰዓት የቀጠርነው ልጅ 4 ተኩል ላይ እያዛጋ መጣ። ሥላሴ ደጅ የሲልቪያ ፓንክረስትን መቃብር «የጃንሆይ ሐኪም ነበረች» ብሎን ሊያልፍ ሲል፣ እናቴ «ኧረ ልጄ፣ በጋዜጣ የተሟገተችልን ናት» አለችው። በዚያ ላይ ሂሳብ ሲደርስ ለእናቴ ለብቻ አስከፈለን።

ጎዳና፦ ስንት?

ማኪያቶ፦ አታስታውሰኝ።

ጉዱ፦ አክስትህ አይፎን ይዘው መጥተው ከሆነ በውስጥ መስመር አናግረኝ።

የአምስት ኪሎዋ፦ ከአራት ኪሎ ሽቅብ ዳገት ነው፤ ስለዚህ ከላይ ጀምራችሁ ቁልቁል ውረዱ። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው ሙዚየም። የድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፣ የጃንሆይ መኝታና መታጠቢያ ቤት እንዳለ አለ። ፎቅ ስለሆነ ቀስ ብለው ይውጡ። ውጭ ጣሊያን የሠራው፣ ወዴትም የማያደርስ ደረጃ አለ፤ ለእያንዳንዱ የፋሺስት አገዛዝ ዓመት አንዳንድ እርከን። ጫፉ ላይ የኛ አንበሳ ተቀምጦበታል፣ እሱን ፎቶ አንሷቸው። ለበሩ መታወቂያ ያዙ። ከዚያ ወርዳችሁ ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን (የሚታየው ቅጂዋ ነው)፣ ቀጥሎ ሥላሴን። አንድነት ፓርክን ለሌላ ቀን ተዉት፤ ብቻውን ግማሽ ቀን ይበላል።

ወንዴ፦ ስድስት ኪሎ ያለው ሐውልት የሚያዝያ 27 አይደል? እሱን አትለፉ።

ጎዳና፦ ወንዴ፣ እሱ የካቲት 12 ነው፣ በ1929 ላለቁት። ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ ነው። የማኪያቶ አስጎብኚ አንተ ነበርክ እንዴ?

ወንዴ፦ 😂 ሰው አይሳሳትም?

ቡና ጠጪ፦ ምንም በሉ ምን፣ ፒያሳ ቶሞካ ያልተጀመረ ጉብኝት ጉብኝት አይባልም።

የአምስት ኪሎዋ፦ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እየተባለ ቆመው የሚጠጡበት ቤት?

ቡና ጠጪ፦ አንዴ ፉት ካሉት ጉልበቱን ይረሱታል። ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያው ነኝ፣ ሌላ ቤት አላውቅም።

ጎዳና፦ ሌላ ካላወቅህ በምን አወዳደርከው?

ቡና ጠጪ፦ ማወዳደር ለምን ያስፈልጋል?

የሸገር ልጅ፦ ተባረኩ ሁላችሁም፣ ለአክስቴ አነበብኩላቸው። ማኪያቶ፣ እናትሽን ወደዷቸው።

ጎዳና፦ እሁድ ሆነ። እንዴት ነበር?

ወንዴ፦ የሸገር ልጅ?

ማኪያቶ፦ አስጎብኚውን እየጠበቁ ይሆናል።