ጡጦውን ደጋግሜ እቀቅላለሁ፤ ልቤ ግን አላረፈም

ጥያቄ

ልጄ አምስት ሳምንት ሆናት። የመጀመሪያዬ ናት። ቀን ጡት ትጠባለች፤ ሌሊት ስለማይበቃት የዱቄት ወተት በጡጦ እጨምርላታለሁ። ጭንቀቴ ያለው ጡጦው ላይ ነው። አጥቤ እቀቅለዋለሁ። ስገጥመው ጣቴ ጫፉን የነካው ይመስለኛል፤ መልሼ እቀቅላለሁ። ትናንት ሌሊት ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። እሷ ርቧት ታለቅሳለች፣ እኔ ምድጃው ጋ ቆሜ አለቅሳለሁ። እጄ ከመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቆ ሳሙና ሲነካው ያቃጥለኛል። ባለቤቴ «አበዛሽው» ይለኛል። እውነት አብዝቼው ነው? የግድ የሆነው የቱ ነው? የሚቀረውስ?

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ፣ አይዞሽ። እጅሽን ከታጠብሽ ጣትሽ ጫፉን ቢነካው ምንም አይደለም። ጡትሽም እኮ ቆዳ ነው፤ ጀርም አለበት። እሱን ጠብታ ነው እያደገች ያለችው።

መልስ፦ የሕፃናት ክፍል ነርስ

ጥንቃቄሽ ጥሩ ነው፤ ያረፈበት ቦታ ነው ያልሆነው። ጡጦውን ከጠባች በኋላ ፈታትተሽ፣ ለእሱ ብቻ በተመደበ ሳፋና ብሩሽ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቢው። ከዚያ 10 ደቂቃ ይፍላ። አንዴ ብቻ። ሁለተኛው መቀቀል የሚጨምረው ነገር የለም። ወዲያው የማትጠቀሚበት ከሆነ ሙሉውን ገጥመሽ ክደኚው፤ ውስጡ እንደጸዳ ይቆያል። የሌሊቱን ባዶ ጡጦ ከመተኛትሽ በፊት አዘጋጂ።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዱቄቱ ነው። ቆርቆሮው ታሽጎ ቢመጣም ዱቄቱ ከጀርም የጸዳ አይደለም። ክሮኖባክተር የሚባል ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። እምብዛም አያጋጥምም፤ ካጋጠመ ግን ለጨቅላ ሕፃን አደገኛ ነው። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ባላነሰ ውሃ በጥብጡት የሚለው። ውሃውን አፍዪና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ዱቄቱን ጨምሪበት። መጠኑ ቆርቆሮው ላይ እንደተጻፈው ይሁን። ከዚያ የተከደነውን ጡጦ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አብርጂው። የእጅሽ አንጓ ላይ ጠብ አድርገሽ ለብ ማለቱን ሳታዪ እንዳትሰጫት፤ ያቃጥላታል።

የተበጠበጠ ወተት ክፍል ውስጥ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። መጥባት ከጀመረች 1 ሰዓት ካለፈ ደግሞ የተረፈውን ድፊው። ምራቋ ገብቶበታል፤ ባክቴሪያ ይራባበታል። ብዙ እናቶች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፤ ወተቱ ያሳዝናቸውና ያቆዩታል።

መልስ፦ አንድ አባት

ባለቤትሽ «አበዛሽው» ከሚልሽ የሌሊቱን ጡጦ እሱ ይያዘው። እኛ ቤት እንደዚያ ነው ያደረግነው። እኔ አጥቤ፣ ቀቅዬ፣ ገጥሜ አስቀምጣለሁ። እሷ ማየት አቆመች፤ እንቅልፍ መጣላት።

መልስ፦ ያለፈችበት እናት

እኔን ያሳሰበኝ እጅሽ ነው። የኔም ደምቶ ነበር። «ብትታመምብኝስ» የሚለው ሐሳብ ሳልፈልገው ይመጣል፤ ስታጠብ ትንሽ ይተወኛል፤ ደግሞ ይመለሳል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የታወቀ ሕመም እንደሆነ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። አራት ወር ሙሉ ለማንም ሳልናገር ቆየሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ለሐኪም ንገሪ። የምክር ሕክምና አለ፤ ጡት እያጠቡ የሚወሰድ መድኃኒትም አለ። እዚህ የጻፍሽውን እንዳለ አንብቢላት፤ አዲስ ቃል መፈለግ የለብሽም።

ጠያቂዋ

ከልቤ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። እህቴ ልትታቀፋት ስትመጣ ልቤ ይመታል። ልከልክላት?

መልስ፦ ነርሷ

አትከልክያት። እጇን 20 ሰከንድ በሳሙና ትታጠብ፤ ጉንፋን ከያዛት ሌላ ቀን ትምጣ። ከንፈሯ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ካለ ፈጽሞ እንዳትስማት፤ ያ ቫይረስ ለአራስ ልጅ ከባድ ነው። ደግሞ ሦስት ወር ሳይሞላት ሙቀቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ አትጠብቂ፤ ሐኪም ቤት ይዘሻት ሂጂ። ጡት አልጠባም ካለች ወይም ለመንቃት ካስቸገረችም እንደዚያው።

ጠያቂዋ

ባለቤቴ አሁን ሁለቱን ጡጦ ቀቅሎ ከድኗቸዋል። ሄጄ ልከፍታቸው ሁለቴ ተነሳሁ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ነገ ጠዋት ሐኪሟ ጋ እደውላለሁ።